«እንግዳው ሳይደርስ እኔ አለቅሁ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከተማ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ለቤተሰቡ የመጀመሪያ ልጅ በመሆኑ የገና በዓል ሁልጊዜ የሚከበረው በእኛ ቤት ነው፤ አማቴ ከዳንግላ፣ የባለቤቴ ወንድሞች ደግሞ ከነልጆቻቸው ከወረታ ይመጣሉ። መምጣታቸው ደስ ይለኛል፤ ቤቴ በሰው ሲሞላም እወዳለሁ። ይሁን እንጂ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ እንቅልፍ ይነሣኛል፤ የጤፉን፣ የቅቤውንና የዶሮውን ዋጋ ስደምር ይነጋል፤ ልጆቼንም በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። አምና በዋዜማው ሽንኩርት እየከተፍሁ ሳለ ማልቀስ ጀመርሁና ማቆም አቃተኝ፤ እንግዳው ሳይደርስ እኔ አለቅሁ። ለባለቤቴ እንዳልነግረው «ቤተሰቤን ጠላች» ይለኛል ብዬ እፈራለሁ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እንግዳ መውደድዎና በዝግጅቱ መጨነቅዎ የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም፤ እንዲያውም የሚጨነቁት ስለሚወዷቸው ነው። ለእኔ ከድግሱ ብዛት ይልቅ የከበደው በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ የጻፉት ፍርሃት ነው። ይሉኝታ ሥራውን ብቻዎን እንዲሸከሙት አድርጎዎታል፤ ሸክሙን የሚያውቅልዎት ሰው ስለሌለም የሚያግዝዎት አልተገኘም።

አንድ ነገር ሲያስጨንቀን ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ በዚህም የተነሣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይህ ኃይል የተጣደፈ ሥራን ለመጨረስ ይረዳል። ለሳምንታት ሲቆይ ግን እንቅልፍን ያሳጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ቁጣው ቅርብ ነው። ስለዚህ በልጆችዎ ላይ የሚታየው ቁጣ የድካም ምልክት ነውና በራስዎ ላይ አይፍረዱ።

ከባለቤትዎ ጋር የሚነጋገሩት በዋዜማው ሳይሆን ከአሁኑ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዛችሁ ይሁን። «ቤተሰብህ ይምጡ፤ እኔም እፈልጋቸዋለሁ፤ ብቻዬን ግን አልቻልሁም» ብለው ይጀምሩ። ይህን ሰምቶ ቤተሰቤን ጠላች የሚል ባል ይኖራል ብዬ አላስብም። ከዚያም ከሚገዛው ነገር በፊት የምታወጡትን ጠቅላላ ብር ወስኑ። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ደግሞ ጥር 11 ስለሚውል በመካከላቸው ያለው 12 ቀን ብቻ ነው፤ አማትዎ ጥምቀትን ጭምር እናንተ ዘንድ የሚያከብሩ ከሆነ ሁለቱንም በዓላት በአንድ ሒሳብ ማየት ይኖርባችኋል። ሌሊት ሌሊት የሚደምሩት ቁጥር ወረቀት ላይ ሲሰፍር፣ መጠኑ ባይቀንስ እንኳ አእምሮዎ ደጋግሞ ከማስላት ያርፋል።

ቀጥሎ ሥራውን ማከፋፈል ነው። ምራት አማቷን ማዘዝ እንደማይሆንላት አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጥያቄውን ያቅርብ የምለው ባለቤትዎን ነው። ልጅ እናቱን «እማዬ፣ ዘንድሮ ቅቤውን አንቺ ይዘሽልን ነይ» ቢላቸው ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም። ወረታም በፎገራ ሜዳ ያለች ከተማ ናት፤ ሽንኩርት በሚመረትበት አገር የሚኖሩ ወንድሞቹ ባሕር ዳር ለሚሠራው ወጥ ሽንኩርት ጭነው ቢመጡ ማንንም አያሳፍርም። ወደ ቅርጫው መሄድና ዶሮ መግዛት የባለቤትዎ፣ ቤት ማጽዳትና ቄጠማ መጎዝጎዝ የልጆቹ ድርሻ ይሁን። ልጆቹ ያጸዱት ቤት እርስዎ እንደሚያጸዱት ባይሆን፣ እባክዎ ተነሥተው እንደገና አይጥረጉት።

ስለ ዶሮ ወጡ በተለይ ልናገር፤ የዋዜማውን ሌሊት የሚወስደው እርሱ ነውና። ከድካሙ አብዛኛው ሽንኩርቱን መላጥ፣ መክተፍና በቀስታ ማብሰል ነው። ቁሌቱ ቅቤ እስካልገባበት ድረስ የጾም ስለሆነ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ሽንኩርቱንና በርበሬውን በዘይት አብስለው፣ ሲቀዘቅዝ በማቀዝቀዣ ሊያስቀምጡት ይችላሉ። በዋዜማው የሚቀረው ዶሮውን አርዶ 12ቱን ብልት ማውጣትና ማጠብ፣ እንቁላሉን መቀቀል፣ ከዚያም ወጡን በቅቤና በቅመም መጨረስ ብቻ ይሆናል። ቅርጫ ከገባችሁ ደግሞ ሁለተኛውን ዶሮ ተዉት። ሥጋ በሞላበት ቤት ዶሮ አነሰ ብሎ የሚታዘብ ዘመድ ቢኖር እንኳ ለእርሱ ሲባል ሌሊቱን ቆመው ማደር የለብዎትም።

እንቅልፍን በተመለከተ የሰሞኑን ቡና ያስተውሉ። ከቡናው ውስጥ የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው የጠጡት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ በውስጥዎ አለ። ቡናውን ወደ ረፋዱ ያምጡት። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄድዎ በፊትም በሐይቁ ዳር ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። ልብዎ ሲመታና ደረትዎ ሲጨነቅ ከማድ ቤቱ ወጥተው በአፍንጫዎ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል ደጋግመው ያድርጉት፤ ረጅም አወጣጥ የልብን ምት ያረጋጋል።

ነገር ግን በዓሉ አልፎም እንቅልፍ ማጣቱና ለቅሶው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ምንም ነገር ደስ የማይልዎት ከሆነ፣ ነገሩ ከበዓል ድካም ያለፈ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክሩ። በከተማችን በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ወደዚያ መሄድ ለደም ግፊት ከመታየት የተለየ አይደለም።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ተቀጥሬ የምሠራ ወጣት ነኝ። ለበዓል ባዶ እጄን ወደ ገጠር ቤተሰቦቼ መሄድ ስለማልችል በየዓመቱ በግ መግዣ እበደራለሁ፤ ዕዳው እስከ ፋሲካ ይከተለኛል። ዘንድሮ «ሥራ በዝቶብኛል» ብዬ ልቅር?

መልስ፦ አትቅር፣ ወንድሜ። ብትቀር እናትህ ታሟል ብለው ይጨነቃሉ፤ አንተም በዓሉን በኪራይ ቤት ብቻህን ትውላለህ። ይልቅስ ዛሬውኑ ደውለህ «ዘንድሮ በግ አልችልም፤ ይህን ያህል ብርና ቡናና ስኳር ይዤ እመጣለሁ» በላቸው። አስቀድመው የሰሙት ነገር አያሳዝናቸውም፤ እነርሱም እንደ አቅማቸው ይዘጋጃሉ። ለከርሞው ግን ከጥምቀት በኋላ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር አነስተኛ ዕቁብ ግባ፤ ዕጣው አስቀድሞ ቢወጣልህም ብሩ በታኅሣሥ እንዲደርስህ ከሌላ ዕቁብተኛ ጋር ተራ መለዋወጥ የተለመደ ነው።