ጥፋቱ ከበር ወዲህ ነው ወይስ ከበር ወዲያ? ለጀማሪ የኔትወርክ ባለሙያዎች

ይድረስ በሰበታ፣ በገላን፣ በዱከምና በለገጣፎ የፋብሪካና የትምህርት ቤት ኔትወርክ ለምትጠብቁ ልጆቼ፣

«ኮኔክሽን የለም» ተብላችሁ ስትጠሩ አስቀድማችሁ የምትመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ችግሩ ከግቢው በር ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ይህን ሳትለዩ አገልግሎት ሰጪው ጋ ብትደውሉ ቀናችሁ በከንቱ ያልቃል። መለያዎቹ ሶፍትዌሮች ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ግን ማውረድ የለምና የመጫኛ ፋይሎቹን ዛሬውኑ በፍላሽ ያዙ።

አንድ መሣሪያ ይመልስ እንደሆነ የሚጠይቀውን ፒንግን በቅደም ተከተል ሞክሩት፦ መጀመሪያ የራሳችሁን ራውተር፣ ቀጥሎ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግልን አድራሻ 8.8.8.8ን፣ በመጨረሻ አንድ የድረ ገጽ ስም። ራውተሩ ካልመለሰ ጥፋቱ ከበር ወዲህ ነው፤ ገመዱን፣ ስዊቹን ወይም ዋይፋዩን ፈትሹ። ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ካልመለሰ ጥርጣሬው ወደ በር ወዲያ ያዘነብላል። ቁጥሩ እየመለሰ ስሙ እምቢ ካለ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው የዲኤንኤስ ጉዳይ ነው።

ቆረጥ ቀጠል ለሚል መስመር አራት ፒንግ ምንም አይነግራችሁም። ኤምቲአርን ከፍታችሁ ቢያንስ 100 ፓኬት (ትንንሽ የመረጃ ጥቅል) አስልኩት፤ በየራውተሩ ስንት በመቶ እንደጠፋ ያሳያችኋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውጤቱን ሲያነብ ነው። መሀል ላይ ያለ ራውተር 60 በመቶ ጠፋ ብሎ፣ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ዜሮ ከሆኑ ችግር የለም፤ ራውተሩ ለፒንግ የሚሰጠውን መልስ ቀነሰ እንጂ ፓኬት ማሳለፉን አላቆመም። ማስረጃ የሚሆነው ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መድረሻው የዘለቀ ጉድለት ነው። ያንን ከነሰዓቱ ይዛችሁ ስትደውሉ «ሞደሙን አጥፍታችሁ አብሩት» የሚላችሁ ያንሳል።

«ይንቀራፈፋል» ለሚለው አቤቱታ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ያለውን ፍጥነት የሚለካው አይፐርፍ3 አለላችሁ። አንዱን ላፕቶፕ ሰርቨር፣ ሌላውን ደንበኛ አድርጉ፤ የሰርቨሩ ፋየርዎል ላይ ፖርት 5201ን ክፈቱ። 10 ሰከንድ ይለካል። ሁለቱም ጫፎች ጊጋቢት ሆነው 940 ሜጋቢት አካባቢ ካገኛችሁ ገመዱ ጤነኛ ነው። 94 ካገኛችሁ መስመሩ ወደ 100 ወርዷል። ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦዎች ሲፈልግ 100 ግን በአራቱ ይሠራል፤ ስለዚህ ከቀሩት አራት አንዱ ሽቦ ክሪምፑ (የገመዱ ጫፍ መሰኪያ) ላይ ካልነከሰ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ፍጥነቱ ብቻ ይወድቃል። ጫፉን ቆርጣችሁ እንደገና ክሪምፕ አድርጉ፤ ከዚያም በተቃራኒው አቅጣጫ ለኩ። በአዲስ አበባ ዳር ያሉ ግቢዎች ሰፋፊ ናቸው፤ ከቢሮ እስከ ጥበቃ ቤት የተዘረጋው ከ100 ሜትር ካለፈ በመዳብ ገመድ አትታገሉ፣ ፋይበር አስገቡ። በዋይፋይ ተገናኝቶ በድረ ገጽ ፍጥነት መለካትን ግን አልወድም፤ የአየሩን፣ የግቢውንና የውጭውን መስመር አንድ ላይ ስለሚደባልቅ ማንኛው እንደታመመ አይለይም።

ግማሹ ኮምፒውተር እየሠራ ግማሹ እምቢ ካለ፣ አንድ ሠራተኛ የቤቱን ራውተር አምጥቶ ሰክቶ፣ ያ ራውተር ለኮምፒውተሮቹ የተሳሳተ አድራሻ እያደለ ይሆናል። በኮምፒውተራችሁ የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየውን ዋየርሻርክን ከፍታችሁ የማሳያ ማጣሪያው ላይ ዲኤችሲፒን (dhcp፣ አድራሻ የሚያድለውን አሠራር) ጻፉ፤ ከዚያ የላፕቶፓችሁን አድራሻ ልቀቁና እንደገና ጠይቁ። አድራሻ የሚሰጥ ሁለተኛ ሰርቨር ከመጣ ሌባው ተገኘ ማለት ነው። የማክ አድራሻውን (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) በስዊቹ ሠንጠረዥ ውስጥ ፈልጉ፤ የተሰካበትን ፖርት ይነግራችኋል። ሠንጠረዡን የማያሳይ ተራ ስዊች ከሆነ ገመዱን አንድ በአንድ ከመንቀል ሌላ መላ የለም። ዋየርሻርክ የሌሎችን ትራፊክ ስላላሳያችሁ ተበላሸ አትበሉ፤ ስዊች ለእናንተ ፖርት የሚልከው በዋናነት የእናንተንና ለሁሉም የተላከውን ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሰዓት ባትሪ የሌላቸው ራውተሮች ብዙውን ጊዜ እንደ 1970 ካለ የቆየ ቀን ላይ ይነሳሉ፤ ያኔ የመዘገቡት ሎግ አይጠቅምም። አንድ ሰርቨር ላይ ሰዓት የሚያስተካክለውን ክሮኒን ጭናችሁ ሁሉም ሰዓታቸውን ከእሱ ይውሰዱ። ዩፒኤሱንም በዩኤስቢ አገናኝታችሁ ናት (NUT) የተባለውን ሶፍትዌር ጫኑ፤ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩን በሥርዓት ያጠፋዋል።

ኔትወርኩን ሳያቋርጡ የሚከታተሉት ዛቢክስና ሊብሬኤንኤምኤስ ለጊዜው ይቆዩላችሁ። ሊብሬኤንኤምኤስ እንደተጫነ መሣሪያዎቹን የሚጠይቀው በየ5 ደቂቃው ነውና የ1 ደቂቃ መቋረጥ ሊያመልጠው ይችላል።

ኔትወርክ ላይ ያሉ መሣሪያዎችንና ክፍት ፖርቶችን የሚቃኘውን ኤንማፕን ግን የጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዙ አትንኩት፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሰው ሲስተም መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ፈቃዱን ስትይዙ ግን የራሳችሁን ግቢ በየወሩ ቃኙና ውጤቱን አስቀምጡ፤ አብሮት የሚመጣው ኤንዲፍ ካለፈው ወር ጋር አነጻጽሮ አዲስ የገባውን ያወጣላችኋል። የማታውቁት አድራሻ ቢመጣ፣ የተሰካበትን የስዊች ፖርት ከመዝጋታችሁ በፊት የሥራ አስኪያጁ አዲስ ፕሪንተር አለመሆኑን ጠይቁ።