መልስ፦ የአያትን የጥልፍ ካባ በፍሬም ስለ ማስገባት

ጤና ይስጥልኝ። ከቄስ አያትዎ የቀረውን ባለ ወርቅ ጥልፍ የከፈይ ካባ ቁራጭ አጥበው፣ ካርቶን ላይ አጣብቀው ሳሎን ቢሰቅሉት ይሆን እንደሆነ ጠይቀዋል። ውኃውንም ሙጫውንም ይተዉ! ውኃ የጥልፉን ቀለም ሊያስለቅቅ ይችላል፤ የደረቀ ሙጫም ጨርቁን ሳይጎዳ አይላቀቅም። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብለው ያንሱለት፣ ይበቃል።

ተራ ካርቶን አሲድ ስላለው ከጊዜ ብዛት ጨርቁን ያበላሻል። አሲድ የሌለው ፈልገው በአቡጀዲ ይሸፍኑት፤ አቡጀዲውን ግን ስታርቹ እስኪለቅ ደጋግመው ይጠቡት። ከዚያ ቁራጩን ሳይወጥሩ በቀጭን መርፌ ይስፉት። መርፌው በድርና ማጉ መካከል ይለፍ እንጂ ክሩን አይሰንጥቅ፤ የሳሳውን ቦታ በረዘም፣ በላላ ስፌት ይያዙት። ይህን ሥራ እኔ ለፍሬም ሠሪ አልሰጥም፣ ስቴፕለር ይወዳሉ። እነሱ ጠለቅ ያለውን የእንጨት ፍሬም ብቻ ይሥሩልዎ።

መስታወቱ ጨርቁን አይንካ፤ በጎንደር ክረምት ከውስጥ ያልበዋል፣ ሻጋታውም ይከተላል። ዝናብ ከሚመታው ግድግዳና ከመስኮት ብርሃንም ይራቅ፤ ሙዚየሞች ለእንዲህ ያለ ጨርቅ ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ላይ ይገድቡታል። ካባው የደብሩ ንብረት ከነበረ ደግሞ ሳይሰቅሉት አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ።