ስንት ሲሲ ይበቃል? የስፖርት ሞተር ሳይክል ለመንገድ

ጥያቄ፦ ላለፉት ሦስት ዓመታት 43 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ 390 ሲሲ ሞተር ሳይክል ስነዳ ቆይቻለሁ። አሁን ከፍተኛ አቅም ወዳለው የስፖርት ሞተር ሳይክል መሸጋገር እፈልጋለሁ። የምነዳው በመንገድ ላይ ብቻ ነው፤ በሥራ ቀናት በከተማ ውስጥ፣ በእረፍት ቀናት ደግሞ ኩርባ በበዛባቸው የገጠር መንገዶች። ልቤ ያረፈው ባለ 998 ሲሲው ያማሃ አር 1 ላይ ነው። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ 600 ሲሲ ይበቃሃል ሲሉኝ፣ ሌሎቹ ደግሞ ኋላ ከምትቆጭ ትልቁን በአንዴ ግዛ ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ያገለገለ ብገዛስ ምን ምኑን ልመልከት?

መልስ፦ ጓደኞችዎ የሚከራከሩት በሲሲ፣ ማለትም በሞተሩ ሲሊንደሮች ይዘት ላይ ነው። ለመንገድ በሚገዛ ሞተር ሳይክል ግን ከሲሲው ቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ሞተሩ ጉልበቱን የሚሰጠው በስንት ዙር ላይ ነው የሚለው ይመስለኛል። በሁለት የያማሃ ሥሪቶች ላሳይዎ። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ አር 6 ባለ አራት ሲሊንደር፣ 599 ሲሲ ሲሆን 118 ያህል የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ይህን የሚያወጣው ግን ሞተሩ በደቂቃ 14,500 ዙር ሲደርስ ነው። ቶርክ የሚባለውን የመጠምዘዝ ኃይል በሙላት የሚያገኘውም በ10,500 ዙር ላይ ሲሆን፣ መጠኑ 62 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበው አር 7 በአንጻሩ ሁለት ሲሊንደርና 689 ሲሲ ይዞ 73 ያህል የፈረስ ጉልበት ብቻ አለው፤ ሆኖም 67 ኒውተን ሜትር የሚሆነውን ቶርኩን ገና በ6,500 ዙር ላይ ይሰጣል።

ወረቀት ላይ አር 6 እጅግ ይበልጣል። አሁን ደግሞ መንገድ ላይ እንያቸው። ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ኩርባውን ጨርሰው ወጡ፤ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ቀጥ ያለና ባዶ ነው። አር 7 የያዙ ከሆነ ማርሽ ሳይቀይሩ ነዳጅ መስጫውን ጥቂት ጠምዘዝ ሲያደርጉ ሞተሩ ወዲያው ይጎትትዎታል። በአር 6 ግን ተመሳሳዩን ለማድረግ ሁለት ማርሽ ቀንሰው ሞተሩን ማስጮህ ይኖርብዎታል፤ ያን ካላደረጉ ያ ሁሉ የተወራለት ኃይል የት እንደገባ ግራ ይገባዎታል። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም። አር 6ም ሆነ ሆንዳ ሲቢአር 600 አርአር የተቀረጹት የውድድር ሜዳ ታስቦ ነው፤ በዚያ ሜዳ ሞተሩ ከ10 ሺህ ዙር በታች የሚወርድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ 600 ሲሲ ማለት የመለማመጃ ሞተር ነው የሚለው አነጋገር፣ ትልቁን በአንዴ ግዛ ከሚለው ምክር ያላነሰ ያሳስታል።

ወደ አር 1 እንምጣ። ይህ ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1998 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ የክፍሉን መለኪያ የለወጠ ነው፤ ልብዎ እሱ ላይ ማረፉ አያስደንቀኝም። ዛሬ 998 ሲሲው ሞተር ከ200 ኪሎ ግራም ብዙም በማይርቅ ክብደት ላይ 200 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያሳርፋል፤ አሁን ከሚነዱት አራት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው። በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህን ቁጥር ረጋ ብለው ያስቡት። አብዛኛው የሕዝብ መንገድ የሚፈቅደው ፍጥነት ሁሉ በአንደኛ ማርሽ ውስጥ ያልቃል ማለት ነው፤ የቀሩት አምስት ማርሾች ሞተሩን ዝም ለማሰኘት ካልሆነ ሥራ የላቸውም። ነጂውም ከገዛው ነገር አብዛኛውን ሳይነካው ይኖራል፤ ሊነካው የሞከረ ዕለት ደግሞ የሚፈጠረው ነገር በጣም ፈጣን ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 28 ሜትር ያህል ይጓዛሉ፤ አደጋ አይተው ጣትዎ ፍሬኑን እስኪይዝ የሚያልፈውም ይኸው አንድ ሰከንድ ገደማ ነው።

ኤሌክትሮኒክሱ ያግዘኛል ይሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ያግዛል። አር 1 ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሞተር ሳይክሉን ማዘንበልና መወዛወዝ በስድስት አቅጣጫ የሚለካ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፤ በዚህ ምክንያት ኋላ ጎማው ሲንሸራተት ወይም ፊተኛው ሲነሳ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቀንሳል። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ኤቢኤስ በተመለከተ፣ ይህ የሌለው ሞተር ሳይክል ለመንገድ እንዳይገዙ አጥብቄ እመክራለሁ። ነገር ግን ኩርባውን ከአቅሙ በላይ በሆነ ፍጥነት የገባን ነጂ፣ በአስፋልቱ ላይ የፈሰሰን አሸዋ፣ ወይም የእርስዎን መስመር ይዞ የሚመጣን መኪና የሚያርም ኮምፒውተር የለም።

ሌላው ብዙ ገዢዎች ቸል የሚሉት አቀማመጥ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ መሪው ዝቅ ብሎ የተሠራ በመሆኑ የላይኛው የሰውነት ክብደት በእጅ አንጓ ላይ ያርፋል። ፍጥነቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ነፋሱ ደረትን ደግፎ ያቀለዋል፤ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ግን የሚደግፍዎ ነፋስ የለም። አንገትዎ ወደ ላይ እንደቀና፣ ጉልበትዎ እንደታጠፈ፣ ከራዲያተሩ የሚመጣው ትኩስ አየር በጭንዎ መሃል እየወጣ የትራፊክ መብራት ይጠብቃሉ። መሪው የሚታጠፍበት ማዕዘን ጠባብ ስለሆነ በጠባብ መንገድ ላይ ዞሮ መመለስም ሌላ ፈተና ነው። ስለዚህ ሻጩ ዘንድ ሲሄዱ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው አይውረዱ። ሞተር ሳይክሉ በማቆሚያው ላይ ጸንቶ ቆሞ ሳለ ሃያ ደቂቃ ይቆዩበት። ነዳጅ ጋኑን በጉልበትዎ ጨብጠው እጅዎን ከመሪው ላይ ያንሱ፤ በወገብዎ ኃይል ብቻ ጎንበስ ብለው መቆየት ካልቻሉ ክብደትዎን የሚሸከመው አንጓዎ ነው። ስፖኪዮውንም ይመልከቱ፤ የሚታይዎት የራስዎ ክርን ብቻ ከሆነ ከኋላ የሚመጣውን አያዩም።

እንግዲህ ምርጫዬን በግልጽ ልንገርዎ። ለገለጹልኝ አነዳድ አር 1ንም አር 6ንም አልመርጥም። ያሉበት ቦታ መሃል ላይ ነው፤ ይህ መሃል ደግሞ በቅርብ ዓመታት በጣም ጥሩ ሞተሮች የቀረቡበት ክፍል ነው። አር 7 ቀላልና ታዛዥ ነው፤ ከአሁኑ ሞተርዎ ግን በጉልበት እጥፍ ስለማይሞላ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ሊያምርዎት ይችላል። ባለ 776 ሲሲው ሱዙኪ ጂኤስኤክስ 8አር መሪው ከፍ ያለ በመሆኑ ለከተማው ይመቻል። የአራት ሲሊንደር ድምፅ ከወደዱ ሆንዳ ሲቢአር 650 አር አለ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምመርጠው ግን አፕሪሊያ አርኤስ 660ን ነው፤ 659 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ 100 ያህል የፈረስ ጉልበት፣ እንዲሁም በኩርባ ላይ ጭምር የሚሠራ ኤቢኤስ አለው። ይህ ሁሉ ተነግሮዎት ልብዎ አሁንም አር 1 ላይ ከሆነ ይግዙት፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ዓመት፣ ሞተር ሳይክሉ ከሚያስመርጥዎ የጉልበት ደረጃዎች ዝቅተኛው ላይ አድርገው ይንዱ፣ ሙሉ ኃይሉንም በውድድር ሜዳ እንጂ በሕዝብ መንገድ አይፈትኑት።

ያገለገለ ከሆነ ዋናው ጥያቄ ወድቆ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለው ነው፤ ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሻጩ ሳይሆን ብረቱ ነው። የመሪውን ጫፎች፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹን ጫፍ፣ የእግር መርገጫዎቹን ጫፍና የሞተሩን የጎን ክዳኖች ይመልከቱ፤ የአስፋልት ጭረት እዚያ አይጠፋም። ከዚያ ቁጢጥ ብለው፣ መሪው ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ሻንሲውን የሚነካበትን ቦታ ይፈልጉ። እዚያ ላይ የተቀጠቀጠ ብረት ወይም የተሰነጠቀ ቀለም ካለ ሞተር ሳይክሉ በኃይል ተጋጭቷል፤ የፊት ሽፋኑ አዲስ ሆኖ ማማሩ ጥርጣሬዎን ሊጨምርልዎ ይገባል። በፊት ሾኮቹ አንጸባራቂ ቱቦ ላይ ጣትዎን ያሻሹ፤ ዘይት ከያዘ ፓራዎልዮው፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ፣ አልቋል። ካቴናውን በኋለኛው ጥርስ ላይ ከበስተኋላ ይዘው ይሳቡት፤ ከጥርሱ ግማሽ እስኪታይ ድረስ ከተነሳ ከነጥርሶቹ መቀየር አለበት። ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት በእጅዎ ይዳስሱት፤ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት አሙቀው የጠበቁዎት ከሆነ ቀዝቃዛ ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ እንዳይሰሙ ተፈልጎ ሊሆን ይችላል።

የጥገና መዝገቡንም ይጠይቁ። ለምሳሌ ዱካቲ ፓኒጋሌ ቪ4 የተባለው የስፖርት ሞተር ሳይክል ቫልቮላዎች በየ24 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲመረመሩ ፋብሪካው ያዝዛል፤ ሥራው ብዙ ሰዓት የሚጠይቅና ውድ ነው። ለዚህ ምርመራ ሊደርስ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የቀረውን ሞተር በርካሽ የሚሸጥልዎ ሰው ወጪውን ለእርስዎ እያስተላለፈ ነው።

ጥያቄ፦ የስፖርት ሞተር ሳይክል አለኝ። የውድድር ጎማ ብገጥምለት በመንገድ ላይ መሬት ይበልጥ አይጨብጥልኝም? (ሌላ አንባቢ)

መልስ፦ አይጨብጥልዎትም። የውድድር ጎማ የሚጨብጠው በጣም ሲሞቅ ነው፤ በመደበኛ የመንገድ ፍጥነት፣ ይልቁንም በዝናብ፣ ያን ሙቀት አያገኝም፤ ስለዚህ ከተራው የመንገድ ጎማ የባሰ ሊያንሸራትት ይችላል። ለመንገድ የተሠራ የስፖርት ጎማ ይግጠሙ። ሲገዙም በጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ያንብቡ፤ 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ሳይነዳ መደርደሪያ ላይ የቆየ ጎማም ስለሚደርቅ ስድስትና ሰባት ዓመት ያለፈውን አይቀበሉ። ንፋሱን ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለኩ፤ በብዙ የስፖርት ሞተሮች ላይ ፋብሪካው የሚያዘው ለፊት 36፣ ለኋላ 42 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፤ የእርስዎን ትክክለኛ ልክ በመመሪያ መጽሐፉ ወይም በኋላ ጎማው መያዣ ክንድ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ያገኙታል።