«ሼል» ለማለት አትቸኩሉ

ልጆቼ፣

መዶሻ ይዛችሁ በወሎ ገደል ለገደል የምትሄዱ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ደቃቅና ለስላሳ ድንጋይ ባያችሁ ቁጥር «ሼል» ብላችሁ አትጻፉ። ሼል በስስ በስሱ የሚሰነጠቀው ብቻ ነው። ቅንጣቱ ምን ያህል ነው? ይሰነጠቃል ወይ? ለየብቻ መልሱ።

መጀመሪያ ፀሐይና ዝናብ ያልነካው ፊት እስኪወጣ ስበሩ። ላዩ ያታልላል፤ ውስጡ ድፍን የሆነ ማድስቶን (ደቃቅ ጭቃ ጠንክሮ የሆነው ድንጋይ) አየር ላይ ሲከርም እንደ ሼል ይላጣል። የሸክላ ቅንጣት ከ0.004 ሚሊሜትር ስለሚያንስ አጉሊ መነጽር አያሳያችሁም፤ ከዚያ እስከ 0.0625 ያለው ሲልት ነው። ስለዚህ የስንዴ ፍሬ የምታህል ንጹሕ ቁራጭ በፊት ጥርሳችሁ ቆርጠም አድርጉና ትፉ፤ አሲድ የነካውን ግን በፍጹም። ከለሰለሰ ሸክላው ያይላል፤ አሸዋ እንደገባበት እንጀራ ቀጭ ካለ ሲልት አለው። ጥቂቱም ጥርስ ላይ ስለሚሰማ ቀጭ ያለ ሁሉ ሲልትስቶን አይደለም። ሲልቱ ከሁለት ሦስተኛ ሲበልጥ ሲልትስቶን፣ ሸክላው ከሁለት ሦስተኛ ሲበልጥ ክሌይስቶን፣ መካከሉ ማድስቶን ይባላል። ልኩን የሚነግራችሁ ላቦራቶሪ ነው። ቀለም ስም አይሰጥም።

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሲወረድ የኖራ ድንጋይ ስላለ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያዙ። ጠብ ሲደረግበት ከፈላ ኖራ አለው፣ ማርል (ኖራና ሸክላ የተደባለቀበት ድንጋይ) ሊሆን ይችላል። የፈላው ስንጥቁን የሞላው ነጭ ካልሳይት (የኖራ ማዕድን) ብቻ እንዳይሆን ራሱን ድንጋዩን ፍቃችሁ ሞክሩ።

ደጋው ላይ ትልቁ ስሕተት ሌላ ነው። 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠሩት የባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሆነው ጥቁር ድንጋይ) ንብርብሮች መካከል የምታዩት ቀይ መስመር ብዙ ጊዜ ማድስቶን ሳይሆን በላዩ የፈሰሰው ላቫ የጠበሰው ጥንታዊ አፈር ነው። ወደ ታች ተከተሉት። ቀስ በቀስ ወደ በሰበሰ ባዛልት ከተለወጠና ክብ ክብ የባዛልት እምብርት ከቀረበት፣ አፈር ነው። ግርጌው ቁርጥ ያለ፣ ውስጡ ስስ መስመር ያለው፣ የቅጠል አሻራ ወይም እንደ ውጫሌው ያለ የከሰል ንብርብር የያዘ ከሆነ ግን ውሃ ያስቀመጠው ደለል ነው። ይህን ሳትለዩ ካርታ ላይ ቀለም አትቀቡ።

እንቁላል የሚያህል ቁራጭ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቃችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከገባ ቶሎ ስለማይፈርስ ጠንካራ ይመስላችኋል። ደርቆ ገብቶ ከፈረሰ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ጻፉ፤ እንደ ደሴ ባለ ተዳፋት ላይ መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ከድንጋዩ ስም ይልቅ ይህችን ቁጥር ይፈልጋል።