ሁለት ተከላካይ፣ አምስት አጥቂ፦ ዛሬ ይሠራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ድሮ የእግር ኳስ ቡድኖች በ2-3-5 (ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ አምስት አጥቂ) ይጫወቱ ነበር ይባላል። ዛሬ አንድ ደፋር አሰልጣኝ በትልቅ ሊግ አምስት አጥቂ ቢያሰልፍ በየሳምንቱ መሸነፉ አይቀርም? ቡና ላይ ስንከራከርበት ከረምን፤ እናንተ ፍረዱን።

መልስ፦ ኳስ ይዞ እያጠቃ ከሆነ አምስት ሰው ፊት መደርደር ዛሬም ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሦስት ዋንጫ ያነሳው ማንቸስተር ሲቲ ጆን ስቶንስን ከተከላካይ መስመር እያወጣ ከአማካዩ ሮድሪ ጎን ያቆመው ነበር፤ ቡድኑ ሲያጠቃ 3-2-5 ይሆናል። ሁለቱም የመስመር ተከላካዮች ወደ መሀል ገብተው ከተከላካይ አማካዩ ግራና ቀኝ ሲቆሙ ደግሞ እርስዎ የጠየቁት 2-3-5 ራሱ ይመጣል። ክርክሩ መዞር ያለበት ኳስ በተነጠቀበት ቅጽበት አምስቱ አጥቂዎች ምን ያደርጋሉ ወደሚለው ነው።

የድሮውን 2-3-5 ሕጉ ራሱ ይከላከልለት ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1925 አንድ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ እንዳይባል ኳሱ ሲላክለት ከፊቱ፣ በረኛውን ጨምሮ፣ ሦስት ተጋጣሚ መኖር ነበረበት። ስለዚህ ከሁለቱ ተከላካዮች አንዱ ትንሽ ወደ ፊት ከወጣ አጥቂው ተጠመደ ማለት ነው፤ ወጥመዱ ቢከሽፍ እንኳ ሌላው ከኋላ አለ። በ1925 ቁጥሩ ወደ ሁለት ሲወርድ ይህ ዋስትና ቀረ። የአርሰናሉ አሰልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን የመሀል አማካዩን ወደ ኋላ ስቦ ሦስተኛ ተከላካይ አደረገው፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ዛሬ ሁለት ሰው ብቻ ኋላ ትቶ መከላከል ለምን እንደማይቻል በሜትር እናስላው። የተለመደው የሜዳ ስፋት 68 ሜትር ነው። ለሁለት ሲካፈል ለአንድ ተከላካይ 34 ሜትር ይደርሰዋል፤ ከክልሉ መሀል ተነስቶ ጠርዝ ለመድረስ 17 ሜትር መሮጥ አለበት። 40 ሜትር ያህል የሚጓዝ ረጅም ኳስ አየር ላይ የሚቆየው 2 ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ተከላካዩ ኳሱን አይቶ፣ ዞሮ፣ ከቆመበት ሲነሳ በዚያ ጊዜ 11 ሜትር ቢሸፍን ጥሩ ነው። ስድስት ሜትር ጎደለው። በሦስት ተከላካይ ርቀቱ ወደ 11 ሜትር ይወርዳል፤ ለጥቂት ይደርሳል። በአራት 8 ሜትር ተኩል ነው፤ ተረጋግቶ ይደርሳል። እርግጥ ተከላካዮች በእኩል ርቀት ተዘርግተው አይቆሙም፤ ኳሱ ወዳለበት ይሰበሰባሉ። ያ ደግሞ በተቃራኒው ጎን ያለውን ክፍተት ያሰፋዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ የተመታው ኳስም እንደ ልብ ይርቃል።

ስለዚህ በአምስት የሚያጠቃ ቡድን አምስት ሰው ኋላ ይተዋል፤ ወይ ሦስት ተከላካይና ሁለት አማካይ፣ ወይ ሁለት ተከላካይና ሦስት አማካይ። የአማካዮቹ ሥራ የመሀሉን መንገድ ዘግቶ ተጋጣሚውን ወደ ዳር መግፋት ነው። ከአምስቱ አጥቂዎች ለኳሱ የቀረቡት ሁለቱ ወይም ሦስቱ በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ውስጥ ረጅሙን ኳስ የሚመታው ሰው ቀና እንዳይል ማድረግ አለባቸው። ኳስ ሲነጠቅ እጁን ዘርግቶ የሚቆም አንድ አጥቂ ካለ አሰላለፉ በሙሉ ይፈርሳል። በየሳምንቱ ይሸነፋል ላሉት ጓደኛዎ፦ ሲያጠቃም ሲከላከልም 2-3-5 ሆኖ የሚቀር ቡድን ከሆነ፣ አዎ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ያለ አጥቂ መጫወትስ? 4-6-0 ፈሪ አሰላለፍ ነው የሚሉ አሉ።

መልስ፦ በ4-6-0 ተሸንፎ የተወቀሰም አለ፣ ዋንጫ የበላም አለ። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ፕራግ ላይ በዚህ አሰላለፍ ገብታ በቼክ ሪፐብሊክ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ስፔን ደግሞ በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ አማካዩን ሴስክ ፋብሬጋስን በሐሰተኛ 9 ቁጥርነት (ፊት ጀምሮ ወደ መሀል የሚመለስ ተጫዋች) አሰልፋ ጣልያንን 4 ለ 0 አሸነፈች። ከዚያ ቀደም በ2005-06 የሮማው አሰልጣኝ ሉቺያኖ ስፓሌቲ ፍራንቸስኮ ቶቲን በዚሁ ሚና ፊት አቁሞ 11 ተከታታይ የሊግ ጨዋታ አሸንፏል።

ልዩነቱ ከኋላ ተነስቶ የሚሮጥ ሰው ነው። ቶቲ ወደ መሀል ሲመለስ የመሀል ተከላካዩ ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ከተከተለው ከኋላው በር ይከፈታል፤ ከተወው ቶቲ ዞሮ ያቀብላል። ግን በዚያው ቅጽበት በተከፈተው በር የሚገባ አማካይ ወይም የመስመር ተጫዋች ከሌለ ተከላካዮቹ ያለ ሥጋት ወደ ፊት ይወጣሉ፣ መሀሉ ይጣበባል፣ ስድስቱም አማካዮች ኳስ በእግራቸው ብቻ ይጠይቃሉ። ከመስመር የሚሻማ ኳስም ሳጥን ውስጥ የሚጠብቀው የለም። ልኩ፣ ሐሰተኛው 9 ቁጥር በተመለሰ ቁጥር ቢያንስ ሁለት ሰው ወደ ግብ መሮጥ ነው።

ጥያቄ (ከስታዲየም አካባቢ)፦ በረኛውን አስወጥቶ 11ኛ የሜዳ ተጫዋች ማስገባት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ሕጉ ከ11ዱ አንዱ የግድ ግብ ጠባቂ ይሁን ይላል። የሚቻለው በረኛውን እንደ ተከላካይ መጠቀም ነው፤ የጀርመኑ በረኛ ማኑኤል ኖየር በ2014 የዓለም ዋንጫ ከአልጄሪያ ጋር ከሳጥኑ እየወጣ ያደረገውን ማየት ይበቃል።

ጥያቄ (ጃን ሜዳ የሚለማመድ የሰፈር ቡድን)፦ የአሰልጣኝ ቢዬልሳን 3-3-1-3 መሞከር እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ ተጋጣሚያችሁን ቁጠሩ። ማርሴሎ ቢዬልሳ ከተጋጣሚ የመሀል አጥቂዎች በአንድ የሚበልጥ የመሀል ተከላካይ ኋላ ይተዋል፤ ሁለት አጥቂ ካለ ሦስት፣ አንድ ካለ ሁለት (ከሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ጋር አራት)። ለአንድ አጥቂ ሦስት የመሀል ተከላካይ ማቆም ሰው ማባከን ነው።

ልምምዱን በሜዳ ግማሽ ጀምሩ። ሦስት ተከላካይና አንድ አማካይ ከአራት አጥቂ ጋር ይግጠሙ፤ ከኋላ በረኛ ይኑር፤ እያንዳንዱ ሙከራ በ15 ሰከንድ ይለቅ። ተከላካዮቹ በመካከላቸው ከ12 ሜትር በላይ ሲራራቁ ጨዋታውን አቁማችሁ ወደ ቦታቸው መልሷቸው። ቀጥሎ ሙሉ ቡድን አሰልፉና ከኋለኛው መስመር እስከ ፊተኛው 35 ሜትር እንዳያልፍ በኮን ምልክት አድርጉ። በመጨረሻ የጫና ልምምድ፦ 20 ሰከንድ ሙሉ ሩጫ፣ 60 ሰከንድ ዕረፍት፣ ስድስት ጊዜ፤ አራት ደቂቃ አርፎ እንደገና ስድስት። በዚህ ከፍታ ዕረፍቱን አታሳጥሩ፤ ትንፋሽ ያልተመለሰለት ተጫዋች ቦታውን ይረሳል።

ቀድሞ የሚሰነጠቀው ቦታ የመሀለኛው ሦስት ግራና ቀኝ ነው። እነዚህ ሁለት ልጆች መስመሩን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሸፍናሉ፤ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ መመለስ ያቅታቸዋል። ሁለት ቅያሪ ለእነሱ አስቀምጡ። ተቀያሪ ካልበቃችሁ በዚያ ሰዓት እነሱን ከተከላካዮቹ ጎን አስቀርታችሁ፣ የመስመር አጥቂዎቹንም ወደ አማካይ መስመር ስባችሁ 5-4-1 ሁኑ።