መልስ፦ የተማሪዎች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወጪ በማን ይሸፈን?

ክቡር ጠያቂ፣ በድሬዳዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን የአእምሮ ጤና አገልግሎት በወላጆች መዋጮ ማስኬድ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት መዋጮ የምክር ክፍል ለማደስ ይረዳል እንጂ የባለሙያ ደመወዝ ሊሸከም አይችልም። ደመወዝ በየወሩ የሚከፈል በመሆኑ፣ የሥራ መደቡ ተፈቅዶ በመደበኛ በጀት ካልተያዘ፣ ልጁ ምሥጢሩን ማካፈል በጀመረበት ሰዓት አማካሪው ሥራውን ሊለቅ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በልጁ ላይ ሌላ ጉዳት መጨመር ነው። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር የተሰጣትና በጀቷን የሚያጸድቅ ምክር ቤት ያላት ከተማ ስለሆነች፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ከመግባቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ፣ ዕቅድ ገና በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ ለትምህርት ቢሮ ቢያቀርብ ይሻላል። በማመልከቻው ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶ ያህሉ ከ14 ዓመት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት እንደሚጀምሩ መግለጹን ይጥቀሱ፤ ይህ ዕድሜ ልጆቹ በእጃችን ያሉበት ዕድሜ ነው። ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል የሚላኩበት አሠራር ግን በዋናነት የትምህርት ቢሮና የጤና ቢሮን ስምምነት የሚጠይቅ ስለሆነ፣ በጀት እስኪጸድቅ ሊጠብቅ አይገባም።