በቆሎ ስለሆነ ቺፕሱ አይጎዳኝም አይደል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? ዕድሜዬ 46 ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት እሠራለሁ። ግፊት አለብኝ፤ መድኃኒትም እወስዳለሁ። በጾም ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምቆይ ምንም ሳልቀምስ ነው ሥራ የምገባው። ብሬክ ሳገኝ ከቬንዲንግ ማሽኑ የበቆሎ ቺፕስ እገዛለሁ። ሌላ የጾም ነገር የለውም። ከጀመርኩት ደግሞ ማቆም ያቅተኛል፤ አንዳንዴ ሁለት ከረጢት እጨርሳለሁ። ጓደኞቼ «በቆሎ እኮ ነው፣ ግሉተን የለውም፣ ከድንቹ ይሻላል» ይሉኛል። እውነት ነው? የ10 ዓመት ልጄም ቀዩን፣ የሚያቃጥለውን ካልሰጠሁት አይሆንም ይላል። ከበላ በኋላ ሆዱን ያመዋል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ እህቴ።

ከቺፕሱ ልጀምር። ተራው የበቆሎ ቺፕስ መርዝ አይደለም። ከረጢቱን ገልብጠው ቢያነቡ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ በቆሎ፣ ዘይትና ጨው። ለመክሰስ አንድ እፍኝ ቢበሉ እኔም አልቆጣም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በጾም ወራት ቺፕሱ ለእርስዎ መክሰስ መሆኑ ቀርቶ ምሳ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ባዶ የነበረ ሆድ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ቁጥሩን አብረን እንይ። መለኪያችን አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ይሁን። በዚያ ውስጥ ወደ 160 ካሎሪ፣ 10 ግራም ስብ፣ 170 ሚሊግራም ሶዲየም (ግፊት የሚጨምረው የጨው ክፍል)፣ 2 ግራም ፕሮቲንና 1 ግራም ገደማ ፋይበር አለ። ማሽን ውስጥ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ አውንስ ይበልጣል፤ ባለ 2 አውንሱ የተለመደ ነው። ከዚያ ሁለት ሲጨርሱ ካሎሪው 640፣ ስቡ 40 ግራም፣ ሶዲየሙ 680 ሚሊግራም ይደርሳል። ፕሮቲኑ ግን 8 ግራም ቢሆን ነው። ካሎሪው የአንድ ሙሉ ምሳ ያህል ሆኖ ሳለ ሆድ የሚይዝ ነገር የለበትም። ለዚህ ነው አምስት ሰዓት ወጥተው፣ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ቤት ደርሰው እንደገና ለመብላት የሚሯሯጡት።

«ማቆም ያቅተኛል» ላሉት ራስዎን አይውቀሱ። ቺፕስ ሲጠበስ ውሃው ከሞላ ጎደል ይወጣና በቦታው ዘይት ይገባል። ስለዚህ ትንሽ ሆኖ ብዙ ካሎሪ ይይዛል። አፍ ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟ ማኘክ አያደክምም፤ ሆድም እንደጠገበ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ጨውና ስብ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ አንጎላችን በጣም ይወዳቸዋል። ድምፁም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት አለ። ሰዎች የጆሮ ማዳመጫ አድርገው የድንች ቺፕስ እንዲነክሱ ተደረገ። የቺፕሱ አይነት ያው ነው፤ የመቆርጠሙ ድምፅ ከፍ ሲደረግላቸው ግን ይበልጥ ትኩስና ይበልጥ ደረቅ ያለ መሰላቸው።

ሌላው ጥናት የተሠራው ከእርስዎ ብዙም በማይርቀው ቤተዝዳ፣ በብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019። ሃያ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ በብዛት የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። ሁለቱም ገበታ በካሎሪ፣ በስብ፣ በስኳርና በጨው ተመጣጣኝ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል ብሉ ተባሉ። የፋብሪካው ምግብ ሲቀርብላቸው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ በሉ፤ በሁለት ሳምንት ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጨመሩ። ማንም አላስገደዳቸውም። እርስዎም ብሬክ ላይ በባዶ ሆድ ከረጢት ከፍተው ሲቀመጡ የሚገጥምዎት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችዎ። ከድንቹ ይሻላል የሚሉት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ካሎሪው፣ ስቡና ጨው ተቀራራቢ ነው። እንዲያውም ለግፊት የሚረዳው ፖታሲየም በድንቹ ይበልጣል። ግሉተን፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የለውም መባሉ በዋናነት የሚጠቅመው ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ ያለበትን ሰው ነው፤ አብዛኛውን ሌላ ሰው አይጠቅምም አይጎዳም።

ስለ በቆሎው ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ በቆሎን በኖራ ውሃ ቀቅለው ነው የሚፈጩት። ኖራው በቆሎው ውስጥ ታስሮ የሚቀረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ይፈታዋል፤ ካልሲየምም ይጨምርለታል። በቆሎ ወደ ሌላው ዓለም ሲሄድ ይህ አሠራር አብሮት አልሄደም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በደቡባዊ አሜሪካ በቆሎ ላይ ብቻ የተንጠለጠሉ ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቁ። ቆዳ ይላጣል፣ ተቅማጥ ይይዛል፣ አእምሮ ይታወካል፣ በመጨረሻም ይገድላል። ሰው ሁሉ ተላላፊ ነው ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ጉዳዩን እንዲያጠና የተላከው ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር መንስኤው የምግብ ጉድለት መሆኑን አሳየ። ቶርቲላ ቺፕስ የሚሠራው እንዲህ በኖራ ከተቀቀለ በቆሎ ሊጥ ነው። ሊጡ ከመጠበሱ በፊት ስለሚጋገር ዘይት የሚጠጣው ያንሳል፤ በአንድ አውንስ ስቡ ወደ 7 ግራም ነው። ማሽኑ ሁለቱንም ካለው እሱን ይምረጡ።

ወደ ጨው እንምጣ፤ ለእርስዎ ዋናው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ሶዲየም ይመክራል። ሁለቱ ከረጢት ከዚህ አንድ ሦስተኛውን ይወስዳል። የቺፕስ ጨው ከላዩ ስለሆነ ምላስ ወዲያው ያገኘዋል። ከውስጥ የተደበቀው ነው የሚያታልለው። ሁለት ቁራጭ የሱቅ ዳቦ ብዙ ጊዜ ከአንድ አውንስ ቺፕስ የበለጠ ሶዲየም አለው። የታሸገ ሾርባና በውሃ የሚፈላ ኑድል ደግሞ በጣም ይብሳሉ። ቤት ሲገቡም በርበሬውና ሚጥሚጣው ውስጥ ጨው እንዳለ ያስቡ፤ ሽሮው ላይ ሌላ ጨው ከመጨመርዎ በፊት ይቅመሱት።

የጾም ነው ብለው ስለሚገዙት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የጾም የሚሆነው ተራው ብቻ ነው። ናቾ፣ ቺዝ፣ ራንች የሚል የተጻፈበት ሁሉ ብዙ ጊዜ የወተት ዱቄት ወይም አይብ አለበት። ከዝርዝሩ ሥር በደማቁ «ኮንቴይንስ ሚልክ» (ወተት አለበት) ይላል። ልጅዎ የሚወደው ቀዩ ላይም ይህ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል።

ልጁ ከበላ በኋላ ሆዱን የሚያመው ሚጥሚጣ መሰሉ ቅመምና በላዩ ያለው አሲድ ጨጓራውን ስለሚቆጠቁጡት ሊሆን ይችላል። ለሁለት ሳምንት ሙሉ በሙሉ ያቁሙለትና ይዩት። ሕመሙ ከጠፋ ምክንያቱ ያ ሳይሆን አይቀርም። ካልጠፋ፣ ወይም ካስመለሰው፣ ወይም ከሲታ እየሆነ ከመጣ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ቀለሙ ሰገራን ሊያቀላ ስለሚችል እናቶች ደም መስሏቸው ይደነግጣሉ። ቺፕሱን ካቆመ በኋላም ቀይ ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይውሰዱት። ጨርሶ ከልክለውት ተደብቆ ከሚበላ፣ ሳምንት አንዴ ተራውን ትንሿን ከረጢት ቢፈቅዱለት ይሻላል።

ለእርስዎ የምመክረው ቀላል ነው። ምግብዎን ከቤት ይዘው ይግቡ። ማታ የተሠራ የምስር ወይም የሽሮ ፍትፍት በዕቃ ይያዙ፤ የሥራ ቦታዎ ማይክሮዌቭ ካለው ሁለት ደቂቃ ነው። እሱ ካልተመቸ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ጨው ሳይበዛበት ቀቅለው ይውሰዱ። ቦርሳዎ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ ወይም ጨው የሌለው ለውዝ አይጥፋ። ለውዙ ካሎሪው ከቺፕሱ አያንስም፤ ግን በአንድ አውንስ 7 ግራም ፕሮቲን ስላለው ይይዛል። በቆሎ ካማረዎት ቤት ውስጥ ያለ ዘይት የፈነዳ ፈንዲሻ ሦስት ኩባያው 90 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ፋይበሩም ከ3 ግራም ይበልጣል። ቺፕሱን የሚበሉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን። አንድ እፍኝ ሳህን ላይ ይገልብጡ፣ ከረጢቱን ያጥፉና ያስቀምጡ፣ ከተፈጨ አቮካዶ ወይም ከተከተፈ ቲማቲም ጋር ይብሉት።

ጾም ነው ብለው የግፊት መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ። ሰዓቱ ካስቸገረዎት ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ሽንት ስለሚያበዛ ማታ አይመችም። በቤት መለኪያ ሳምንቱን ጠዋትና ማታ እየለኩ ጽፈው ይዘውለት ይሂዱ። ቁጥሩ ከ180 በ120 በላይ ከሆነና ደረትዎን ካመመዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ወይም እጅና እግር ከዛለብዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያው 911 ይደውሉ።